«አዎ» እያልኩ የሞላሁት መጠይቅ

ሶፍትዌራችንን ልንሸጥለት ያሰብነው የስቴት መሥሪያ ቤት የላከው የመረጃ ደኅንነት መጠይቅ የደረሰኝ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሰኞ ጠዋት እንድመልሰው። ሁለት መቶ ያህል ረድፍ ያለው ኤክሴል ነው። በአንዱ ዓምድ ጥያቄ፣ በሁለተኛው «አዎ» ወይም «አይደለም»፣ በመጨረሻው «ማብራሪያ» የሚል ባዶ ቦታ። ቅዳሜ ሌሊት ቁጭ ብዬ ከላይ እስከ ታች «አዎ» አልኩት።

የዋሸሁ አልመሰለኝም። «የተጠቃሚዎችን የመግቢያ መብት በየሦስት ወሩ ትከልሳላችሁ?» ይላል። ጥቂት ሰዎች ነን፤ ማን ምን መክፈት እንደሚችል በቃሌ አውቀዋለሁ፤ አዎ። «የአደጋ ጊዜ ዕቅዳችሁን ሞክራችሁታል?» ይላል። አንዴ ሰርቨራችን ወድቆ በአራት ሰዓት ውስጥ አንሥተነዋል፤ አዎ። ማብራሪያውን ባዶ ተውኩት።

ውሉን አገኘን። ከተፈራረምን ሰባት ሳምንት በኋላ ከመሥሪያ ቤቱ የመረጃ ደኅንነት ኃላፊ ኢሜይል መጣ። ካልኳቸው «አዎ»ዎች አሥራ አራቱን መርጣ ለእያንዳንዱ ማስረጃ እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ጊዜው አሥር የሥራ ቀን። የዚያን ዕለት ማታ የነበረኝ ማስረጃ ሲቆጠር ሁለት ሆነ።

ይህን የምጽፈው ሶፍትዌር ሠርታችሁ ለስቴት መንግሥት ልትሸጡ ለምታስቡ ነው። የእኔ ልምድ ቴክሳስ ነው፤ ሌላው ስቴት ስሙ ይለያይ እንጂ ጠባዩ ተመሳሳይ ነው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ። የሠራነው ሲስተም ሰዎች የሙያ ፈቃድ ሲያሳድሱ ሰነድ የሚያስገቡበትና ቀጠሮ የሚይዙበት ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አለበት። እኛ ቴክሳስ ውስጥ ሦስት፣ አዲስ አበባ ደግሞ አንድ ሰው ነን። የአዲስ አበባውን ነገር እመለስበታለሁ፤ ዋናው ጣጣ የመጣው ከዚያ ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ጨረታው የት እንደሚገኝ ነው። እሱ ቀላሉ ነው። ቴክሳስ ጨረታዎቿን የምታወጣበት ኢኤስቢዲ የሚባል የኢንተርኔት ሰሌዳ አለ፤ ማንም ያየዋል። የስቴቱ ኮምፕትሮለር (የስቴቱን ሂሳብ የሚይዘው መሥሪያ ቤት) ደግሞ ሲኤምቢኤል የሚባለውን የተጫራቾች ዝርዝር ይይዛል፤ መመዝገቢያው በዓመት 70 ዶላር ነው። ስትመዘገቡ የምትሸጡትን ነገር ኮድ በደንብ ምረጡ፤ ኮዱን የሳተ ጥሪው አይደርሰውም። ከዚህ በላይ ስለ ጨረታ የምለው የለኝም።

የሚከብደው ሌላው ነው። በ2021 የቴክሳስ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ መሠረት የስቴቱ የኢንፎርሜሽን ሀብቶች መምሪያ፣ ሁሉም ዲአይአር የሚለው፣ ቲኤክስ ራምፕ የሚባል ሥርዓት አቋቋመ። የስቴት መሥሪያ ቤት መረጃ በክላውድ ላይ የሚይዝ አገልግሎት በሥርዓቱ ስር ከወደቀ፣ ካልተረጋገጠ መሥሪያ ቤቱ ሊዋዋለው አይችልም። ሁለት ደረጃ አለው፤ አንደኛው ቀለል ላለ መረጃ፣ ሁለተኛው እንደ እኛ ምስጢራዊ መረጃ ለሚነኩ። ሙሉው ማረጋገጫ ለሦስት ዓመት ያገለግላል። ለሙሉው ገና ያልደረሰ ድርጅት ደግሞ እስከ 18 ወር የሚቆይ ጊዜያዊ ፈቃድ ሊያገኝ ይችላል፤ እኛ ውሉን የተፈራረምነው በዚያ ነው። ይህን የመሰለ የክላውድ ማረጋገጫ በፌዴራል ደረጃ ፌድራምፕ፣ በስቴቶች መካከል ደግሞ ድሮ ስቴትራምፕ ይባል የነበረውና በ2025 ስሙን ጎቭራምፕ ያለው አለ። ከነዚህ አንዱን የያዘ ቴክሳስ ውስጥ እንደገና ከዜሮ አይጀምርም። የሁሉም ሥር አንድ ነው፦ ኤንአይኤስቲ የተባለው የፌዴራል የመለኪያ ተቋም ያወጣው፣ 800-53 የሚባለው የደኅንነት ቁጥጥር ዝርዝር። አምስተኛው እትም በ2020 የወጣ ሲሆን ሃያ ምድቦች አሉት። ሙሉውን ማንበብ አያስፈልግም። ነገር ግን መጠይቅ ላይ «ኤሲ-2» የሚል ስታዩ የመግቢያ አካውንት አስተዳደር መሆኑን ዝርዝሩን ከፍታችሁ ብታዩ፣ ጥያቄው ምን ማለት እንደሆነ ከመገመት ትድናላችሁ። እኔ ገምቼ ነው የሞላሁት።

መጀመሪያ ላይ ይህ ሁሉ ለትንንሽ ድርጅት የተዘጋጀ ወጥመድ ይመስለኝ ነበር። የሆኑትን ነገሮች ሳውቅ ግን መሥሪያ ቤቶቹ ለምን እንደሚጨነቁ ገባኝ። በነሐሴ 2019 ቴክሳስ ውስጥ ከሃያ በላይ የከተማና የአካባቢ አስተዳደሮች በአንድ ቀን በቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ተመቱ። አጥቂዎቹ የየከተማውን በር አንድ በአንድ አላንኳኩም፤ የኮምፒውተር አገልግሎት በሚሰጣቸው ድርጅት በኩል ገቡ። በ2023 ደግሞ ሙቭኢት በሚባል የፋይል ማስተላለፊያ ሶፍትዌር ክፍተት የኦሬገንና የሉዊዚያና የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቶች መረጃ ወጣ፤ ኦሬገን ብቻዋን 3.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባል የለ? ቀዳጁ ውሻ እንግዲህ እኛ አቅራቢዎቹ ነን።

ወደ አሥራ አራቱ ማስረጃዎች ልመለስ።

ከመግቢያ መብት ክለሳው ጀመርኩ፤ ቀላሉ እሱ ስለመሰለኝ። የሁሉንም አካውንት ዝርዝር ከሲስተሙ አወጣሁ። አራት ስም ጠብቄ ሰባት አገኘሁ። ሁለቱ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩባቸው ናቸው፣ እሺ። ሰባተኛው ግን ከስምንት ወር በፊት ልምምዱን ጨርሶ የሄደ ተማሪ ነው፤ አካውንቱ ክፍት፣ መብቱ ሙሉ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ምንም አላደረገም። ነገር ግን ያን የይለፍ ቃል ሌላ ቦታ ላይ ተጠቅሞበት ተሰርቆ ቢሆንስ? «በቃሌ አውቀዋለሁ» ያልኩት ነገር እንዲህ ነበር።

ማስረጃ ምን እንደሆነ የገባኝም ያኔ ነው። «እንከልሳለን» የሚል ደብዳቤ ማስረጃ አይደለም። ፖሊሲ ብቻውንም አይደለም፤ ፖሊሲ ሐሳባችሁን ነው የሚናገረው። የሚፈለገው ቀን ያለበት፣ ማን እንዳየው የሚታወቅበት፣ ምን ተገኝቶ ምን እንደተደረገ የሚያሳይ ነገር ነው። አሁን በየሦስት ወሩ የአካውንቶቹን ዝርዝር አወጣለሁ፣ በእያንዳንዱ ስም አጠገብ «ይቆይ» ወይም «ይዘጋ» ብዬ እጽፋለሁ፣ ባልደረባዬ አይታ ትፈርማለች፣ የተዘጋው የተዘጋበት ገጽ ፎቶ አብሮ ይቀመጣል። ሥራው ሃያ አምስት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያውን ክለሳ የተማሪውን ስም ሳልደብቅ ለደኅንነት ኃላፊዋ ላክሁላት። በአካውንቱ ለመጨረሻ ጊዜ የተገባበትን ቀን ብቻ ጠይቃ አለፈችው። ምንም ያልተገኘበት ክለሳ ብልክላት ኖሮ ይበልጥ ትጠረጥረኝ እንደነበር በኋላ ነገረችኝ።

ቀጥሎ ክላውዱ። ለሠላሳ ያህል ጥያቄ የሰጠሁት መልስ በልቤ «ክላውዱ ፌድራምፕ አለው» የሚል ነበር። የተከራየነው ክላውድ በእርግጥ አለው። ግን አከራዩ የሚያረጋግጠው የራሱን ነው፦ ሕንፃውን፣ ማሽኑን፣ ማሽኑን የሚነኩ ሠራተኞቹን። ፋይሎቻችን ያሉበትን ማከማቻ ለሕዝብ ክፍት ብናደርገው ጥፋቱ የእኛ ነው። ሎግ (ማን መቼ ገብቶ ምን እንዳደረገ የሚመዘግበውን) ካላበራን፣ ባክአፑን መልሰን ካልሞከርን፣ ፓች (የክፍተት መድፈኛውን) ካልጫንን እሱም የእኛ ነው። አፓርታማ ተከራይታችሁ ግቢው ዘበኛ ቢኖረውም የራሳችሁን በር የምትቆልፉት እናንተ ናችሁ። አከራዮቹ የትኛው ቁጥጥር የማን እንደሆነ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አላቸው። ጠይቃችሁ ያዙትና በመጠይቁ ማብራሪያ ዓምድ ላይ «ይህ የአከራዩ፣ ይህ የእኛ፣ ይህ የጋራ» ብላችሁ ለዩ። ኃላፊዋ ከሁሉ በላይ ያመሰገነችኝ በዚህ ነው፤ የእሷንም ሥራ ያቀልላታልና።

ምስጠራ ላይም ተሳስቼ ነበር። «ፊፕስ 140 የተረጋገጠ ምስጠራ ትጠቀማላችሁ?» ለሚለው «አዎ፣ ኤኢኤስ 256» ብያለሁ። ፊፕስ 140 የፌዴራል የምስጠራ መለኪያ ነው። ኤኢኤስ የስሌቱ ስም ነው፤ ጥያቄው ግን ስሌቱን የሚሠራው የሶፍትዌር ክፍል በላብራቶሪ ተፈትሾ ኤንአይኤስቲ ዝርዝር ላይ የሰፈረ የሰርተፊኬት ቁጥር አለው ወይ ነው። የእኛው የምስጠራ ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የሚወሰድ የኮድ ክፍል) አልነበረውም። ስሪቱን ቀይረን፣ ማስተካከያውን አብርተን፣ ቁጥሩን ማብራሪያው ላይ ጻፍን፤ ሁለት ቀን ፈጀ። አሁን የምትጀምሩ ከሆነ በአዲሱ በ140-3 የተረጋገጠ ፈልጉ፤ የ140-2 ሰርተፊኬቶች በመስከረም 2026 ወደ ታሪካዊ ዝርዝር እንዲዛወሩ ቀን ተቆርጦላቸዋል።

እንግዲህ አዲስ አበባ።

ከአሥራ አራቱ አንዱ ሁሉም ሰው ሲገባ ከይለፍ ቃል ሌላ ሁለተኛ ማረጋገጫ እንደሚጠየቅ ማሳየት ነበር። ይህን በእውነትም እናደርጋለን። ደስ ብሎኝ የአንድ ወር የመግቢያ ሎግ አውርጄ፣ ሳላነበው ላክሁት። በማግስቱ ኃላፊዋ ደወለችልኝ። ድምጿ እንደ ወትሮው ነው።

«ረድፍ 212 ላይ ያለው አድራሻ የየት አገር ነው?»

አየሁት። ኢትዮጵያ። ከሥሩም ሌላ፣ ከሱም ሥር ሌላ። የአዲስ አበባው ፕሮግራመራችን በእሱ ቀን፣ በእኛ ሌሊት እየገባ ይሠራል፤ ጎበዝ ልጅ ነው፣ የሲስተሙን ግማሽ የጻፈው እሱ ነው። ውላችን ግን መረጃው በአሜሪካ ውስጥ ብቻ እንዲቀመጥ፣ በአሜሪካ ውስጥ ብቻ እንዲሠራበት፣ ከአሜሪካ ውስጥ ብቻ እንዲከፈት ይላል። «እንዲቀመጥ» የሚለውን አንብቤ ሰርቨሩ ቨርጂኒያ መሆኑን አረጋግጬ ነበር። «እንዲከፈት» የሚለው በዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አላየሁትም፤ ወይም ማየት አልፈለግሁም፤ እስከ ዛሬ በየትኛው እንደሆነ ለራሴም መልስ የለኝም።

ለልጁ ደወልኩለት። «ጋሼ፣ እኔ እኮ የሰዎቹን ፋይል ከፍቼ አላውቅም፤ ኮዱን ብቻ ነው የማየው» አለኝ። እውነቱን ነው። ግን አካውንቱ ዋናውን ዳታቤዝ ማንበብ ይችላል፤ ውሉ የሚያየው ደግሞ መቻሉን ነው። የዚያኑ ዕለት መግቢያውን ዘጋሁ። በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ አስረዳ ተባልኩ። የስድስት ወር ሎግ ረድፍ በረድፍ ፈትሸን የማንም ሰው መዝገብ እንዳልተከፈተ አሳየን። ሎጉን ለስድስት ወር ባናስቀምጥ ኖሮ ይህን የምናሳይበት መንገድ አልነበረንም፤ ነገሩም እንደ መረጃ መውጣት ይቆጠር ነበር። የውል ጥሰት ተብሎ ተመዘገበ፣ የማስተካከያ ዕቅድ ተጠየቅን፣ ክፍያችን ለስድስት ሳምንት ተያዘ። ለሦስት ደመወዝተኛ ስድስት ሳምንት ምን ማለት እንደሆነ ድርጅት ያለው ያውቀዋል።

ልጁን ማሰናበት ቀላሉ መውጫ ነበር፤ ያማከርኳቸው ሁለት ሰዎችም ያሉኝ ይህንኑ ነው። አላደረግሁትም፤ ባደርገው ሲስተሙን የሚያውቀውን ሰው አጣለሁ። ያደረግነው ይህ ነው፦ ለእሱ ከዋናው ጋር በምንም የማይገናኝ የተለየ አካውንት ከፈትን፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ፈጠራ ስምና ፈጠራ ቁጥር ነው፤ ከእውነተኛው ተቀድቶ ስሙ የተለወጠ እንኳ አይደለም። የሚጽፈው ኮድ ቴክሳስ ያለች ባልደረባዬ ጋ ይመጣል፣ ታነባለች፣ ታጸድቃለች፣ ወደ ዋናው የምታስገባው እሷ ናት። ከመጀመራችን በፊት አሠራሩን በአንድ ገጽ ጽፈን የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ በጽሑፍ ጠየቅን። ሦስት ሳምንት ወስዶ ተፈቀደ። በስልክ «ችግር የለውም» ቢሏችሁ አትጀምሩ፤ ሰውዬው ሥራ ሲቀይር «ችግር የለውም» አብሮት ይሄዳል። ደግሞ አንዳንዱ መረጃ ፈቃድ የሚባል ነገር ላይኖረው ይችላል፤ የፌዴራል የግብር መረጃ የሚነካ ሥራ ከሆነ የአይአርኤስ ፐብሊኬሽን 1075 ከአሜሪካ ውጭ መክፈትን ይከለክላል። የፖሊስ መረጃ ከሆነ ደግሞ የኤፍቢአይ ሲጂስ መመሪያ ይመጣል፤ መረጃውን የሚከፍተው ሰው የጣት አሻራ መስጠት አለበት።

ይህ እኔንም ይይዘኛል። እናቴን ልጠይቅ አዲስ አበባ ስሄድ የሥራ ላፕቶፑን ትቼ ነው የምሄደው። የመግቢያ በሩንም ከአሜሪካ ውጭ የሚመጣ አድራሻን እንዲመልስ አድርገነዋል፤ ራሴን ስለማላምን።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልበል። ገዥው በታኅሣሥ 2022 ቲክቶክን ከስቴት መሣሪያዎች ሲከለክሉ፣ ተከትሎ የወጣው ዕቅድ ተቋራጮችንም ይጨምር ነበር፤ ባልደረባዬ ሁለተኛ ማረጋገጫውን የምትቀበልበት ስልክ ላይ ቲክቶክ ነበረ፤ ለሥራ ሌላ ርካሽ ስልክ ገዛንላት። የስቴቱን የኮምፒውተር ሲስተም የሚከፍት ሁሉ በስቴቱ የጸደቀ የሳይበር ደኅንነት ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ የምስክር ወረቀቱን በዚያው ቀን አስቀምጡ፣ ኋላ ፍለጋው ያደክማል። ስለ ሶክ 2 (የውጭ ኦዲተር ስለ ደኅንነታችሁ የሚጽፈው ሪፖርት) ደግሞ፦ ታይፕ 1 የአንድ ቀን ፎቶ ነው፣ ታይፕ 2 የወራት ክትትል፤ መሥሪያ ቤቶቹ የሚፈልጉት ሁለተኛውን ነው። ሪፖርቱን ሊሰጥ የሚችለው ፈቃድ ያለው የሂሳብ ባለሙያ ድርጅት ብቻ ነው። «በሁለት ሳምንት ሶክ 2 እናስጨርሳችኋለን» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ክትትሉ ስንት ወር እንደሚሸፍን ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን ከደኅንነቱ ውጭ ቢሆንም ልለፈው አልችልም፤ ተደራሽነት ነው። ቴክሳስ ለአካል ጉዳተኞች የማይመች ሶፍትዌር እንዳይገዛ የራሷ ደንብ አላት። የፌዴራሉ የፍትሕ ሚኒስቴርም በ2024 ለስቴትና ለአካባቢ መንግሥት ድረ ገጾች ደብሊውሲኤጂ 2.1 የተባለውን የተደራሽነት መስፈርት መለኪያ አድርጎ ደንግጓል። ከአቅራቢው የሚጠየቀው ሶፍትዌሩ መስፈርቱን የቱን ያህል እንደሚያሟላ የሚሞላበት ቪፓት የሚባል ቅጽ ነው። እኔ ምን አደረግሁ? እሱንም ከላይ እስከ ታች «ያሟላል» አልኩት። የመሥሪያ ቤቱ ፈታሽ ማየት የተሳናቸው ሰው ናቸው። በስክሪን አንባቢ ከፍተው ሰነድ ማስገቢያው ጋ ሲደርሱ ፕሮግራሙ «በተን፣ በተን፣ በተን» ብቻ እያለ ያነብላቸው ነበር፤ ለበተኖቹ ስም አልሰጠናቸውማ። ስብሰባ ላይ ድምጹን ከፍ አድርገው አሰሙን። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ኤንቪዲኤ የሚባል ነፃ ስክሪን አንባቢ አለ፤ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የራሳችሁን ሲስተም አንድ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሂዱበት።

ውሉ ላይ ደግሞ የማሳወቂያውን ሰዓት ፈልጉ። የእኛው የተጠረጠረ ነገር በ24 ሰዓት ውስጥ ይነገረን ይላል። የሚቆጠረው «ከተረጋገጠ» ነው ወይስ «ከተጠረጠረ»? የእኛው ከተጠረጠረ ነው። ቅዳሜና እሑድ አይቆምም። የማን ስልክ ቁጥር ጋ እንደምትደውሉ አሁን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ ሲስተሙ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ቁጥር ሲስተሙ ሲወድቅ አይከፈትም።

ባለፈው ውሉ ሲታደስ ያው መጠይቅ እንደገና መጣ። በዚህኛው ሠላሳ አንድ «አይደለም» አለው። በእያንዳንዱ «አይደለም» አጠገብ ምን እንደጎደለ፣ እስከዚያው ምን እያደረግን እንደሆነ፣ ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ ጽፈናል፤ እነሱ ፖኤም የሚሉት የማስተካከያ ዕቅድ ነው። ስልከው እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ «አልቻልኩም» ብሎ ሥራ የሚሰጠው ማን ነው? ኃላፊዋ በአራተኛው ቀን መለሰች። ሃያ ስድስቱን እንዳሉ ተቀብላለች፣ በሦስቱ ቀኑን አሳጥራለች። ሁለቱ «አዎ» መሆን ሲገባቸው በፍርሃት «አይደለም» ብያቸው ኖሯል፤ ማስረጃውን ከዚያው ከላክሁት ፋይል አውጥታ እሷው አርማልኛለች።